የጋሽ ቶሎሳን ጠመንጃ ግራሶ የቀባሁ ዕለት

ትእዛዙ የደረሰን ሰኞ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ነው። ያን ጊዜ የምንሰለጥንበት ሜዳ ከቦሌ መንገድ በስተምሥራቅ ነበር። ዛሬ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ፎቅ በፎቅ የሆነው ሁሉ ያኔ ሣርና የጤፍ ማሳ ነው። መቶ አለቃ ደምሴ ከፊታችን ቆሞ ወረቀቱን አነበበ፣ አጠፈውና ኪሱ ከተተው። «ነገ ንጋት አስራ ሁለት ሰዓት ላይ መኪና ይመጣል። ወደ ምሥራቅ ነው። ቤተሰብ ያለው ዛሬውኑ ይሰናበት። ጠመንጃው ያልተወለወለ ግን የትም አይሄድም» አለን።

የመጨረሻዋ ቃል የተወረወረችው ወደ እኔ ነበር። እኔ በአውሮፕላን ማረፊያው መንገድ ዳር ከነበረ ጋራዥ የመጣሁ መካኒክ ነኝ። ሥልጠናው ሲጀመር «ብረት የሚያውቅ አለ?» ተብሎ ሲጠየቅ እጄን አወጣሁ፤ የጠመንጃዎቹ ጥገና በኔ ላይ ወደቀ። እውነቱን ለመናገር፣ በሕይወቴ ጠመንጃ ፈትቼ አላውቅም ነበር። ብረት ብረት ነው፣ የመኪና ሞተር የፈታ ሰው ጠመንጃ አያቅተውም ብዬ ነው። የልጅ ልጆቼ ስለ ጦር ሜዳ ሲጠይቁኝ ጀግንነት እንዳወራላቸው ይጠብቃሉ። የኔ ትዝታ ግን ስለ ባሩድ ጥላሸትና ስለ ውሃ ነው፤ ሌላ የለኝም።

ሰላሳ አንድ ነበርን። ገሚሳችን የከተማ ልጅ፣ ገሚሳችን ከየረርና ከአያት በኩል የመጣ ገበሬ። የታደለን መሣሪያ አሮጌ ምንሽር ነው፤ ከኛ በፊት የስንት ሰው ትከሻ እንዳየ እግዜር ይወቀው። እሱም ስላልተዳረሰ፣ የራሱ ጠመንጃ ያለው የራሱን ይዞ እንዲመጣ ተባለ። የራሳቸውን ይዘው ከመጡት አንዱ ጋሽ ቶሎሳ ናቸው።

ጋሽ ቶሎሳ ሃምሳን የተሻገሩ፣ ረጅም፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ የአያት ገበሬ ነበሩ። እኔ ዛሬ በአራተኛ ፎቅ የምኖርበት ኮንዶሚኒየም የቆመው እሳቸው ገብስ በሚዘሩበት አካባቢ ነው። ጠመንጃቸው እንደኛዎቹ አይደለም። ከቃታው ሥር ጆሮ የመሰለ የብረት እጀታ አላት። እጀታዋን ወደ ታች ገፍተው መልሰው ሲስቡት የተተኮሰውን ጥይት ቀለህ ትተፋና አዲስ ጥይት ታጎርሳለች። አባታቸው በወጣትነታቸው አንድ የውጭ አገር አዳኝ አዋሽ በረሃ ድረስ መርተው በስጦታ ያገኟት ናት። ዛሬ አትላስ በሚባለው ሰፈር አስተናጋጅ የነበረ መስፍን የሚባል አራዳ ልጅ አብሮን አለ፤ መጀመሪያ ያያት ዕለት «ፋዘር፣ ይሄ ጠመንጃ ነው ወይስ የውሃ ፓምፕ?» ብሎ ሜዳውን በሳቅ አፈረሰው። ጋሽ ቶሎሳም ሳቁ። ከዚያ ወዲያ ስሟ ፓምፗ ሆኖ ቀረ።

ጋራዥ ውስጥ ያደገ ሰው አንድ እምነት አለው። የሚጮህና የሚፋተግ ነገር ሁሉ ግራሶ፣ ያ ወፍራም የማሽን ቅባት፣ ነው የሚፈልገው። በር ጮኸ፣ ግራሶ። ማጠፊያ ደረቀ፣ ግራሶ። አለቃዬ ራሱ ሲጮህብኝ ግራሶ ልቀባው ይቃጣኝ ነበር። ስለዚህ ያን ሰኞ ከሰዓት በኋላ ጋራዤ ሄጄ አንድ ሙሉ ጣሳ ግራሶ ለምኜ አመጣሁና ሰላሳ አንዱን ጠመንጃ ተራ በተራ ቀባሁ። መቀርቀሪያው ላይ፣ ጥይቱ በሚያድርበት ቀዳዳ ውስጥ፣ የትም ሳልቆጥብ። መቀርቀሪያው ከመለስለሱ የተነሳ ሰዉ በትንሽ ጣቱ እየከፈተ «እጅህ ይባረክ መካኒኩ» ይለኝ ጀመር። ደረቴን ነፋሁ።

ጋሽ ቶሎሳ ብቻ ጠመንጃቸውን ወደ ደረታቸው ሳብ አድርገው «ልጄ፣ ይቺ ደረቅ ነው የምትወድ» አሉኝ።

«ጋሽ ቶሎሳ፣ ብረት ከብረት ጋር ደርቆ ሲፋተግ ይበላላል። ይህ የኔ ሙያ ነው። ደግሞ ያልተቀባ ጠመንጃ አላሳልፍም» አልኳቸው። ሰው ፊት ነው ያልኩት። ትንሽ አዩኝና ሰጡኝ። ፓምፗን ከሁሉም በላይ ቀባኋት፤ ለክብራቸው ብዬ።

በአራተኛው ቀን አንዲት ኮረብታ ላይ ነበርን። ስሟን አልነገሩንም፤ መቶ አለቃው ካርታ ላይ ቁጥር ብቻ ነበራት። ከሥሯ አሸዋ የሞላው ደረቅ ወንዝ አለ። መንገዱ የሚያልፈው በዚያ ነው፤ ኮረብታዋን የያዘ መንገዱን ይይዛል። ትእዛዛችን አጭር ነው፤ ተተኪ ጦር በማግስቱ ጧት እስኪደርስ ድረስ አንለቅም። ያመጣን መኪና አንድ ሃያ ሊትር ጄሪካን ውሃ አውርዶልን ተመለሰ። በየኮዳችን የቀረው ከጉንጭ አያልፍም። ሙቀቱን አልነግራችሁም። የአዲስ አበባ ሰው አያምነኝም።

ከጧቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ጠላቶቹ መጡ። በደረቁ ወንዝ በኩል፣ ተበታትነው። መቶ አለቃ ደምሴ «ጠብቁ» አለ። ጠበቅን። «ተኩስ» አለ። ተኮስን። የመጀመሪያዎቹ አምስት ስድስት ጥይቶች እንደ ቅቤ ገቡ፣ እንደ ቅቤ ወጡ። ከዚያ በቀኜ በኩል አንድ ሰው «ነከሰብኝ» ብሎ ጮኸ። ጥይት መሃል ላይ ተቀርቅሮ አልገባም አልወጣም ሲል እኛ ነከሰ ነው የምንለው። ቀጥሎ በግራዬ «ነከሰብኝ» ተባለ። ቀጥሎ የኔው ነከሰ። መቀርቀሪያውን በመዳፌ ብመታው አልሄድ አለ። ጋሽ ቶሎሳ እጀታዋን ወደ ታች ገፍተዋታል፤ ስትመለስ የጣት ውፍረት ሲቀራት ቆማ እንቢ አለች። ተኩሳችን እየሳሳ ሄደ። ያዳነን መቶ አለቃው የያዘው አንድ መትረየስና የእጅ ቦምብ ነው። አራት ሰዓት ላይ ጠላቶቹ ወደ ወንዙ ማዶ አፈገፈጉ።

ሦስት ሰው ሞቶብናል። አንዱ ኃይሉ የሚባል የየረር ልጅ ነው። ጠመንጃውን መሬት አስደግፎ መቀርቀሪያውን በተረከዙ ሲመታ ነው የተመታው። ከእጁ ወስጄ ሳየው መቀርቀሪያው ግማሽ ድረስ ተከፍቶ ቀርቷል፤ በጠርዙ ላይ ጥቁር ነገር ገንፍሎ ወጥቷል። ጣቴን ሰድጄ አሸተትኩት። ግራሶዬ ነው።

ጋሽ ቶሎሳ ጎን ሄጄ ተቀመጥኩና «ፓምፗን ይስጡኝ» አልኳቸው። ለምን እሷን እንዳስቀደምኩ አላውቅም። ሥራዋ ስለሚለይ በደንብ የማያት መስሎኝ ይሆናል፤ ወይም አፍሬያቸው ነው። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ጥይቱን ነው፤ አሮጌ ጥይት ያብጣል። አውጥቼ ሌላ ሞከርኩ፤ እዚያው ቦታ ላይ ቆመ። ጥይቱ አይደለም። ቀጥሎ የውስጥ ሞላዋን በካቻቢቴ ጫፍ ገፋሁት፤ በደንብ ይመለሳል። ሞላውም አይደለም። ጥይት ሳይኖርባት እጀታዋን ሳንቀሳቅስ እያንገራገረችም ቢሆን ትዘጋለች፤ ጥይት ሲኖር ግን አትዘጋም። እንግዲያው ችግሩ ጥይቱ የሚያድርበት ውስጥ ነው። የእጀታዋን ቡሎን ፈታሁ፣ መዝጊያውን ከኋላ አወጣሁ፣ ትንሿን ጣቴን በቀዳዳው ሰደድኩ። ከአፉ ትንሽ ገባ ብሎ ዙሪያውን ቀለበት የመሰለ ጠጣር ነገር ተጋግሯል። ጥይቱ የሚቆመው እዚያ ላይ ነው። መዝጊያው ደግሞ እንደ ሞተር ዝቃጭ በወፈረ ጥቁር ጭቃ ተለውሷል።

ያኔ ነገሩ ፍንትው አለልኝ። ባሩድ ሲቃጠል ጥላሸት ይተዋል። ደረቅ ጥላሸት በጨርቅ ይነሳል። ግራሶ ካገኘ ግን ይለጥፈዋል፣ ግራሶው የበረሃውን አቧራ ይጠራል፣ የአፈሙዙ ግለት ደግሞ ሦስቱን አንድ ላይ ይጋግራቸዋል። ጥይት በተተኮሰ ቁጥር አንድ ድርብ ይጨመርበታል። የጋራዥ በር ባሩድ አይተኩስም፤ እኔ ይህን አላሰብኩም።

«ጋሽ ቶሎሳ፣ ይህን ያውቁ ነበር?» አልኳቸው።

«አባቴ ከአደን ሲመለስ መጀመሪያ ለጠመንጃዋ ውሃ ያሞቅ ነበር፤ ለእግሩ ከዚያ በኋላ። ጥላሸት በሙቅ ውሃ ነው የሚለቅ። ከዚያ ማድረቅ ብቻ ነው» አሉ።

«ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?»

«ዝም አላልኩም፤ ነገርኩህ። አንተ ሙያዬ ነው አልክ። ሙያህን ሰው ፊት ላዋርድብህ?»

ከዚያ የባሰ ስድብ ተሰድቤ አላውቅም፤ እሳቸው ግን ለስድብ አላሉትም። ተነሳሁና መቶ አለቃው ዘንድ ሄድኩ። የውሃውን ጄሪካን ከአጠገቡ አይለየውም። «ጓድ መቶ አለቃ፣ ጠመንጃዎቹ የነከሱት በኔ ጥፋት ነው። የቀባሁት ግራሶ ነው። ካልታጠቡ አንዱም አምስት ጥይት አይተኩስም» አልኩት።

«በምን ይታጠባሉ?»

«በውሃ። የፈላ ውሃ።»

ቀና ብሎ አየኝ። ዓይኑ ደም ለብሷል። «ውሃው ለሰው ነው» አለ።

«አውቃለሁ። ግማሹን ስጠኝ።»

ሊመታኝ መስሎኝ ነበር። ቢመታኝም እጄን አላነሳም ነበር። ከኋላዬ ጋሽ ቶሎሳ ኮዳቸውን ፈትተው መሬት ላይ አኖሩ። «የኔ ድርሻ መጀመሪያ ይግባ። እኔ ፀሐይ ላይ የኖርኩ ገበሬ ነኝ፣ ውሃ ጥም አውቃለሁ» አሉ። መቶ አለቃው ኮዳውን አየ፣ ወንዙን አየ፣ ሰዓቱን አየ። «ፀሐይ በረድ ስትል ይመለሳሉ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ካልጨረስክ እኔው ራሴ እጨርስሃለሁ» ብሎ የብረት ቆቡን አውልቆ ሰጠኝ። ለውሃ ማፍሊያ ማለቱ ነው።

ምን አለፋችሁ፣ ያን ቀን እንደሠራሁ ሠርቼ አላውቅም። ደረቅ እሾህ ለቅመን እሳት አነደድን፤ የት እንዳለን ጠላት ስለሚያውቅ ጭሱን አልፈራንም። ጠመንጃ ሦስት ሦስት እያልን ነው ከምሽግ የምናወጣ፤ ሌላው እያነጣጠረ ይጠብቃል። ለሦስት ጠመንጃ አንድ ሊትር፤ አንድ ጠብታ አልጨምርም ብዬ ወሰንኩ። የፈላው ውሃ ጭቃውን አለሰለሰው እንጂ ግራሶውን ጠራርጎ አላወጣውም። ቅባት ነዋ። ቤንዚን ቢኖረኝ ብዬ ስመኝ መስፍን ኪሱን ዳበስ ዳበስ አደረገና በወረቀት የተጠቀለለ ነገር አወጣ። ግማሽ የሽቶ ሳሙና። ቦሌ ስመለስ ፊቴን እታጠብበታለሁ ብሎ ያስቀመጠው ነው።

«መካኒኩ፣ በዚህ ሳሙና ስንት ቆንጆ ልማርክ አስቤ ነበር መሰለህ» እያለ በካራ ከተፈልኝ።

ሳሙናው ሠራ። አፈሙዙ ውስጥ የፈላ የሳሙና ውሃ በጣሳ እናፈሳለን፣ በዘንግ ጨርቅ እንገፋለን፣ ጥቁር ሆኖ ይወጣል፣ እንደግማለን። ጨርቁ የመስፍን ነጭ ሸሚዝ ነው፤ እሱንም ሰጠ። የጥይቱ ማደሪያ ውስጥ የተጋገረውን ቀለበት ግን ውሃም ሳሙናም አልበገረውም። በካቻቢቴ ልፍቀው ስል ጋሽ ቶሎሳ እጄን ያዙ። «ብረት ያቆስለዋል። በቀለህ ፋቀው» አሉኝ። የባዶ ቀለህ አፍ በፒንሳ ጠፍጥፌ እንደ መፋቂያ አደረግሁት። ቀለህ ከጠመንጃው ብረት ስለሚለሰልስ ቆሻሻውን ይፍቃል እንጂ ጠመንጃውን አይቧጭርም። ቅርፊቱ እየተነሳ ወደቀ። አዲስ ጥይት ሳጎርስባት ፓምፗ ቀጭ ብላ ተዘጋች። እንባዬ መጣ፤ ላብ ነው ብዬ ጠረግሁት።

አንዳንዱ ውሃው ሲፈስ ዓይኑን ያዞራል። ከንፈሩ የተሰነጣጠቀ ሰው ፊት ውሃ በብረት ውስጥ ማንቆርቆር ቀላል አይደለም። አንዱ «በሽንታችን እንጠበው» አለ። ሞከርን። መስፍን «እኔ ከትናንት ጀምሮ ባንኩ ዝግ ነው» ሲል የሳቅነው ሳቅ ያን ቀን የመጨረሻው ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ሲል የመጨረሻውን፣ ሃያ ስምንተኛውን ጠመንጃ ጨረስኩ፤ የመጨረሻው እጣቢ ቆቡ ውስጥ ቀረ። መዳፌ ተልጧል። ጠመንጃችን ሁሉ የሙሽራ ሽታ ሸተተ። የቀረውን ግማሽ ውሃ መቶ አለቃው ለሁላችን እኩል ከፈለ፤ ለቆሰሉት ትንሽ አስበልጦ። ጋሽ ቶሎሳ ድርሻዬ ገብቷል ብለው ኮዳቸውን አልዘረጉም። እኔ የኔን ጠጣሁ። ጥማቴ በልጦብኝ ጠጣሁ።

አስራ አንድ ሰዓት ላይ መጡ። ከጧቱ ይበዛሉ። «ጠብቁ» ተባለ። ጠበቅን። «ተኩስ» ተባለ። አስር ጥይት ተኮስኩ፤ መቀርቀሪያው አልነከሰም። አስራ አምስት። አልነከሰም። ጆሮዬን ወደ ሰዎቹ ጥዬ «ነከሰብኝ» የሚል ድምፅ እጠብቃለሁ። አልመጣም። በግራዬ የፓምፗ እጀታ ቀጭ ቀጭ ይላል። እሳቸው ቸኩለው አይተኩሱም። በዓይነ ቁራኛ ይጠብቃሉ፣ አንዴ ይተኩሳሉ፣ እጀታዋን ይስባሉ። ጠላቶቹ የኮረብታዋ ወገብ ድረስ ደረሱ። መቶ አለቃው እግሩን ተመታ፤ ተቀምጦ ማዘዙን ቀጠለ። አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ተኩሱ ከወዲያ በኩል ሳሳ። ከዚያ ቆመ። ወደ ወንዙ ወረዱ፤ ወንዙንም ተሻግረው ሄዱ። አልተመለሱም።

የፓምፗ ድምፅ መቆሙን ያስተዋልኩት ያኔ ነው። ጋሽ ቶሎሳ በጀርባቸው ተንጋለዋል። ሆዳቸውን ነው የተመቱት። እጃቸው አሁንም እጀታዋ ላይ ነው።

«ነከሰች?» አሉኝ።

«አልነከሰችም ጋሽ ቶሎሳ። እንደ አዲስ ነው የሠራች።»

«ጎሽ» አሉ። ትንሽ ቆይተው «ውሃ» አሉኝ።

ኮዳዬን ገለበጥኩት። አልነበረም። የመስፍንን ጠየቅሁ፣ የመቶ አለቃውን ጠየቅሁ፣ ጄሪካኑን ዘቅዝቄ አራገፍኩት። በዚያ ኮረብታ ላይ የቀረው ውሃ የብረት ቆቡ ውስጥ ያለው የጠመንጃ እጣቢ ብቻ ነው። ጥቁር፣ የሽቶ ሳሙና የሚሸት። አየሁት። እሳቸውም ዓይኔን ተከትለው አዩት። ከዚያ እጄን ያዙኝ። ሁለተኛ አልጠየቁኝም። እስኪጨልም ድረስ እጄን እንደያዙ ነበሩ፤ ከዚያ ጣታቸው ለቀቀ።

ኋላ አንድ የሕክምና ሰው ሆዱን ለተመታ ሰው ውሃ አይሰጥም፣ ብትሰጣቸውም ይሞቱ ነበር አለኝ። እውነቱን ይሆናል። ብዙ ጊዜ ለራሴ ነግሬዋለሁ፤ አንጀቴ ግን አልሰማ አለኝ።

ተተኪው ጦር በማግስቱ ጧት ደረሰ። መንገዱ አልተያዘም ነበር። ፓምፗ ለንብረት ክፍል ገባች፤ የት እንደደረሰች አላውቅም።

ከወራት በኋላ አዲስ አበባ ስመለስ ከቦሌ ተነስቼ ወደ አያት በእግሬ ሄድኩ። መኪና አጥቼ አይደለም። መንገዱ እንዲረዝምልኝ ፈልጌ ነው። የጋሽ ቶሎሳን ባለቤት እትዬ ጫልቱን የምዋሸውን ውሸት እያጠናሁ ነበር፤ ወዲያው ነው የሞቱት፣ ምንም አልተሰማቸውም፣ እላለሁ ብዬ። ደጃፋቸው ላይ ገብስ ሲያበጥሩ አገኘኋቸው። ሰፌዱን አስቀምጠው ስሜን ጠየቁኝ። ነገርኳቸው።

«መካኒኩ አንተ ነህ? ከመንገድ በላካት ደብዳቤ አንስቶህ ነበር። ጎበዝ ልጅ ነው፣ ትንሽ ይቸኩላል ብሏል» አሉ። ቀጥለውም «ሲሞት ምን አለ?» አሉኝ።

ያጠናሁት ውሸት ጠፋብኝ። ግራሶውን ነገርኳቸው። ኃይሉን ነገርኳቸው። ኮዳውን፣ ሳሙናውን፣ እጣቢውን ነገርኳቸው። «ውሃ አሉኝ፤ አልነበረኝም» አልኩ። ስጨርስ ተነስተው ወደ ቤት ገቡ። በዚያው ሊቀሩ፣ ወይ ሰው ጠርተው ሊያስወጡኝ መስሎኝ ነበር። በትልቅ ጣሳ እስከ አፉ የሞላ ውሃ ይዘው ወጡ።

«ጠጣ» አሉኝ።

«እትዬ ጫልቱ፣ አልችልም።»

«ከሩቅ ነው የመጣኸው። እሱ ቤት መጥቶ ውሃ ሳይጠጣ የተመለሰ ሰው የለም። ጠጣ።»

እያዩኝ ጠጣሁ። እስኪያልቅ ድረስ ጣሳውን አልተቀበሉኝም።

ዛሬ እኛ ኮንዶሚኒየም ውሃ በፈረቃ ነው። በመጣ ቀን ጄሪካን ስሞላ፣ የጠብታው ነገር ሲያንገበግበኝ፣ የልጅ ልጆቼ አያታችን ጠብታ እንኳ ይቆጥባሉ ብለው ይስቃሉ። ይሳቁ። ሰላሳ አንድ ሆነን ወጥተን ዘጠኝ ቀብረን ወረድን። ጧት ሦስት፣ ማታ ስድስት። ሰባቱን የወሰዳቸው የጦርነት ጥይት ነው እላለሁ፣ ነፍሳቸውን ይማር። ኃይሉና ጋሽ ቶሎሳ ላይ ስደርስ ግን መቁጠሬን አቆምና እጄን አያለሁ።